እርጥበት የሚጽፈው ሳጥን

አቶ ሀብተሥላሴ የሰደበኝ ሐምሌ ሦስት ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ዓርብ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

ቦታው ኮልፌ፣ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ የድንጋይ መጋዘን በረንዳ ላይ።

"ከብት እንኳ ሲጠሩት ዞር ይላል" አለኝ።

እንደዚህ ነው ያለኝ። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። ዘበኛው ቦሩ ሰምቷል። እህቴ ሸዋገነት መጥረጊያዋን እንደያዘች ሰምታለች። እሱ ተናግሮ ወዲያው ረሳው... የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይህን የምጽፈው ሰው ላስፈራራ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። በቀን፣ ፀሐይ እያለች፣ በዓይኔ ያየሁት። አልጠጣሁም። አላንቀላፋሁም። የማያምን ይተወው። እኔ ከዚያ ሰውዬ ወዲህ ሰው አመነኝ አላመነኝ ብዬ አላውቅም።

ስሜ ኃይለመስቀል ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ያን ጊዜ የአንድ ሙዚየም መጋዘን ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። የሙዚየሙን ስም አልጠራም። ለሕዝብ የማይታየው ዕቃ እኛ ዘንድ ነበር የሚቀመጠው። የብራና መጽሐፍ፣ ጋሻ፣ ካባ፣ ከበሮ፣ የድሮ ሥዕል...

ብራና እርጥበት ጠላቱ ነው። ክረምት ሲገባ ይሸበሸባል፣ ይሻግታል። በዚያ ዓመት መሥሪያ ቤቱ የአየሩን እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ለየክፍሉ ሊገዛ አሰበ። የትኛው ዓይነት ይሻላል? ይህን እንዲመርጥ ነው አቶ ሀብተሥላሴ የተላከብን።

ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው። ቀጭን፣ ከረባት የማይለየው፣ በጎፈሬው የሚኮራ ሰው። በሄደበት ሁሉ ሚዶው ከኪሱ አይጠፋም።

"የተማረ ይግደለኝ" የሚል ሰው እሱን አላገኘውም።

ሦስት ዓይነት መሣሪያ ለሙከራ አመጣ። አንደኛው ክብ ነው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና እንደ ሰዓት በቀስት ያሳያል። ሁለተኛው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቴርሞሜትሮች ናቸው፤ የአንደኛው ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

ሦስተኛው... ሳጥኑ ነው።

የጫማ ካርቶን ያህላል። ፊቱ መስታወት ነው። ውስጡ ወረቀት የተጠቀለለባት ቆርቆሮ በሰዓት ሞተር ቀስ እያለች ትዞራለች። አንዲት ቀጭን ብዕር ወረቀቱ ላይ መስመር ታሰምራለች። አየሩ ሲረጥብ ወደ ላይ። ሲደርቅ ወደ ታች። ሰው ኖረም አልኖረም ትጽፋለች።

ብዕሯን የሚስባት ምን መሰላችሁ?

የሰው ፀጉር።

"የሴት ፀጉር ነው" አለ ሀብተሥላሴ። "እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል። ብዕሩ አብሮት ይሄዳል። ከፀጉር የበለጠ እርጥበት የሚያውቅ ነገር የለም።"

ከሳጥኑ ጋር የመጣው የፈረንጅ ሴት ፀጉር መንገድ ላይ ተበጥሶ ነበር። ምትክ ፈለገ። የሰፈሩን ሴቶች አስጠየቀ። የሁሉም ቅቤ የጠጣ ነው። ቅቤ የነካው አይሠራም አለ።

ቅቤ ያልነካው ረዥም ፀጉር እኛ ዘንድ አንድ ብቻ ነበር።

የሰብሌ።

ሰብሌ የእህቴ የሸዋገነት ልጅ ናት። አንድ ልጇ። እኔን "ጋሽዬ" ትለኝ ነበር፤ ከእሷ በቀር እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። ራሷን አሟት ጠበል ገባች። ጠበል የገባ ሰው ቅቤ አይቀባም። ሕመሙ ሲጸናባት ፀጉሯን ተላጨች። ሰኔ ሲገባ ሞተች። አስኮ በኩል ካለው ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት።

እናቷ ፀጉሩን አልቀበረችም።

"ለአርባዋ እሰጣታለሁ" አለች። "እስከዚያ የምጨብጠው ይኑረኝ።"

የሟች ፀጉር የሟች አካል ነው፣ ከመሬት በላይ አይሰነብትም ብለው ሽማግሌዎች መከሯት። እናት ናት... አልሰማችም። በነጭ ነጠላ ቁራጭ ቋጥራ በጉያዋ ይዛው ትውላለች። የመጋዘኑን ወለል ስታጥብ ብቻ፣ እንዳይረጥብባት፣ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች።

ከዚያ ሚስማር ላይ ነው የወሰደው።

ሳይጠይቅ።

እኔ ስደርስ ሆስፒታል ሆስፒታል በሚል ፈሳሽ አጥቦ፣ ጥቂት ዘለላ ሳጥኑ ውስጥ ወጥሯል። የቀረውን ከነጨርቁ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቷል።

"አቶ ሀብተሥላሴ፣ ይሄ የሟች ፀጉር ነው" አልኩት። "ለአርባዋ መቃብሯ መግባት አለበት። እባክዎ ይመልሱልን።"

እርስዎ እያልኩ ነው። በዕድሜ ታላቁ ነኝ እኮ።

"ከምርጫው በኋላ።"

"ምርጫው መቼ ነው?"

"የሚመጣው ዓርብ።"

"አርባዋ ቅዳሜ ነው ጌታዬ።"

"ታዲያ አንድ ቀን ይተርፍሃል" አለ። ሚዶውን አውጥቶ ጎፈሬውን እያበጠረ ትንሽ አሰበ። "ለነገሩ... ሳጥኑ ከተመረጠ ለሁሉም ክፍል ይገዛል። ይሄ ፀጉር ደግሞ ጥሩ ነው። የተረፈውን ለመለዋወጫ እንይዘዋለን።"

መለዋወጫ።

የእህቴን ልጅ መለዋወጫ አላት።

ወደ በረንዳው ወጣሁ። ከኋላዬ ጠራኝ። አልዞርኩም፣ አቤትም አላልኩም። ደሜ ፈልቶ ነበር። ደግሞም አስተዳደጌ ነው። እናታችን "የጠራህን ሰው ፊቱን ሳታይ አቤት አትበል" ትለን ነበር። "ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራሃል። ሌላው ግን ሦስተኛውን በስምህ አይደግመውም።"

ያን ጊዜ ነው ተከትሎኝ ወጥቶ ያንን የከብት ነገር የተናገረኝ።

ቦሩ በሩ ጋ እስክደርስ ጠበቀኝ።

"ጋሼ ኃይሌ" አለ ዝቅ ብሎ። "ሰውዬው የራሱን ለምን አይነቅልም? ያ ጎፈሬ ለመጋዘኑ ሁሉ ይበቃ ነበር።"

ሳቅን። ሳቃችን አሁን ድረስ ትዝ ይለኛል... ምነው ባልሳቅን።

ሰኞ ጠዋት ከፍቼ ገባሁ። ቅዳሜና እሁድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሲሠራ ነው የከረመው። ክቡ መሣሪያ ደረቅ ይላል። ሁለቱ ቴርሞሜትሮችም ደረቅ ይላሉ።

የሳጥኑ ብዕር ግን ወረቀቱ አናት ጋ ደርሳለች።

ግድግዳውን ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። የብራና መደርደሪያውን ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።

ተበላሽቷል አልኩ ለራሴ። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ... ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ኮልፌ ብራ ነበር። በረንዳው ላይ ቆሜ ወደ አስኮ ባይ ዝናቡ እንደ ግራጫ መጋረጃ ወርዶበታል። እዚያ ብቻ። ወደ ውስጥ ገባሁ።

ብዕሯ እየወጣች ነው።

እኛ ጋ ጠብ ያለ ነገር የለም። እሷ ግን ትወጣለች... ጭር... ጭር... እያለች። አስኮ ሲያባራ ቆመች።

ረቡዕ ደግሞ እኛ ጋ ዘነበ። የጣሪያው ቆርቆሮ ጆሮ እስኪደፍን ድረስ። አስኮ ፀሐይ ነበር። ብዕሯ ንቅንቅ አላለችም።

ለእህቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ግን ቀድማኝ አይታው ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ ስገባ ሳጥኑ ፊት ተንበርክካ አገኘኋት። መጥረጊያው ወድቋል። መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ትጠርጋለች...

"ሸዋዬ... ምን ታደርጊያለሽ?"

"በርዷታል" አለች በሹክሹክታ።

"ማን?"

"ትናንትም ርሳለች። እየው እስቲ... ሌሊቱን ሙሉ እንደራሰች ነው ያደረችው።"

በጣቷ መስመሩን ትከተለዋለች። ልክ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳስስ።

ላስነሳት ክንዷን ያዝኩ። ያን ጊዜ ነው መስታወቱን ልብ ያልኩት። ያን ያህል ጠርጋው አልጠራም። ጉሙ ከውስጥ በኩል ነበር። ሰው አፉን አስጠግቶ የተነፈሰበት ይመስላል።

ሐሙስ ሰውዬውን እንደገና ለመንኩት። ሁለት እጄን አጣምሬ። ትልቅ ሰው ነኝ እኮ... ጎንበስ ብዬ ለመንኩት።

"ጌታዬ፣ ይሄ ፀጉር የሚለካው የእኛን ክፍል አይደለም።"

"የማንን ነው ታዲያ?"

"የተቀበረችበትን።"

ሳቀ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ድንገት አቆመና "እንዳንተ ያለው ሰው ነው ይህችን አገር ወደ ኋላ የሚጎትታት" አለኝ። ሐምሌ ዘጠኝ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ይሄንንም አልረሳሁትም።

ዓርብ ደረሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ግቢ ገባች። አቶ በዛብህ የሚባሉ የግዢ ኃላፊ፣ ወፍራም ሰው፣ ሁለት ጸሐፊ አስከትለው ወረዱ። ፀሐይ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ እኔ፣ ሸዋገነት፣ እንግዶቹና እሱ ነን።

አቶ በዛብህ ሦስቱንም በየተራ አዩ።

"ይሄ ደረቅ ነው ይላል። ይሄም ደረቅ ነው ይላል። ይሄኛው ደግሞ ዓሣ አርቡበት ይላል" አሉ። "የትኛው ነው የሚዋሸው?"

"ሳጥኑ አይዋሽም ክቡርነትዎ" አለ ሀብተሥላሴ። ግንባሩ አልቦታል። "ይሄ ሰውዬ ነካክቶት ነው።"

ወደ እኔ ጠቆመ።

"እርስዎ ነዎት የነኩት?" አሉኝ።

አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ። "እሱን አይጠይቁት። እሱ እኮ ከመጋዘኑ ዕቃ አንዱ ነው። ልዩነቱ ቁጥር አልተለጠፈበትም።"

ጸሐፊዎቹ ሳቁ። እህቴ ፊት።

ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ያን ጊዜ... ብዕሯ ወረደች።

ሁላችንም ሰማናት። ወረቀቱን እየቧጨረች ወረደች፣ ወረደች... ክቡ መሣሪያ ከሚያሳየው ቁጥር ላይ ስትደርስ ጸጥ አለች። ሦስቱም እኩል ሆኑ።

"ይኸው፣ ተስተካከለ" አለ ሀብተሥላሴ። ፊቱ በራ።

አቶ በዛብህ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ክቡን ነው የምወስደው። ኩርፊያ ያለበት ዕቃ አልገዛም።"

ብለው ወጡ። ምርጫው በዚህ አለቀ።

ሸዋገነት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ዓይኗን ከብዕሯ አልነቀለችም።

"ምን ሆንሽ?"

"ወጣች" አለችኝ።

"ከየት?"

"ከመሬት። አየኸው አይደል... አሁን እኛ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ናት።" ነጠላዋን አጣፋች። "መቃብሯን ሄጄ አያለሁ። አንተ ፀጉሯን ሳትይዝ እንዳትመጣ።"

ሮጣ ወጣች።

እኔ ወደ እሱ ዞርኩ።

"ምርጫው አልቋል። ሳጥኑም አልተመረጠም። ፀጉሩን ይስጡኝ።"

ካቻቢቴ ይዞ የሳጥኑን ክዳን ይፈታል። ቀናም አላለ። "ነገ።"

"አርባዋ ነገ ነው። ጠዋት ነው ጸሎቱ።"

"ውጣልኝ።"

በረንዳ ወጣሁ። በቃ፣ ሲወጣ አንቀዋለሁ አልኩ። የመጨረሻው ይሁን... ቁም ሳጥኑን ሰብሬ እወስዳለሁ፣ ከፈለገ ፖሊስ ይጥራ። ቁልፌን በእጄ ጨብጬ፣ ጀርባዬን ለበሩና ለደረጃው ሰጥቼ ቆምኩ።

አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐዩ በረንዳውን ይዞታል። ሲሚንቶው ደርቆ ነጭ ሆኗል።

አንድ ሽታ መጣ።

የተቆፈረ አፈር ሽታ። ከእሱ ጋር ደግሞ የጠበል ቤት ሽታ... ያ ቀዝቃዛ የድንጋይና የውኃ ሽታ።

ዞር አልኩ።

ከደረጃው እስከ በሩ ድረስ የእግር ዱካ አለ። ባዶ እግር። ትንሽ። እርጥብ። ጭቃው ገና ይብለጨለጫል። በጀርባዬ በኩል፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት አልፏል።

የገባ አለ። የወጣ የለም።

ቦሩ ከግቢው በር እያጉረመረመ መጣ።

"ጋሼ ኃይሌ፣ ያቺ ልጅ የማን ናት? ሰው ሲገባ ስሙን ይናገራል እንጂ..."

"የቷ ልጅ?"

"አሁን የገባችው ነቻ። ራሷን የተላጨችው።" በእጁ አናቱን ዳሰሰ። "ዝናብ ሳይኖር በስብሳለች። ማን ነሽ ብላት አፏን ከፈተችልኝ... አፏ አፈር ሞልቷል።"

በጣቴ ዱካውን አሳየሁት። እሱም አየው። ወደ ኋላው እየተራመደ ሄደ።

ከውስጥ የካቻቢቴው ድምፅ ቆሟል።

ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

ሀብተሥላሴ እህቴ የምትቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጀርባው ወደ እኔ ነው። እጆቹ ወደ ወለሉ ተንጠልጥለዋል። ራሱን ጎንበስ አድርጓል... ሹሩባ እንደምትሠራ ልጅ፣ በእናቷ ጉልበት መካከል እንደተቀመጠች።

ከኋላው ማንም የለም።

ከጎፈሬው ላይ አንዲት ፀጉር ቀና አለች። ብቻዋን። ተሳበች... ተነቀለች። ቆየት ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሌላዋ ቀና አለች። እሷም ተነቅላ ወደቀች። ቀስ እያለ፣ ያለ ጥድፊያ፤ ይቺ አትሆንም፣ ይቺም አትሆንም፣ እያለ የሚመርጥ ሰው ያለ ይመስላል።

የራሱ ግራ ወገን ተመልጧል።

የሳጥኑ ክዳን ክፍት ነው። ብዕሯ ትጽፋለች።

ቁም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው።

ወደ በሩ ዓይኔን መለስኩ። ደፉ ላይ የነጠላ ቁራጭ ተቀምጧል። ቅድም አልነበረም። እርጥብ ነው፤ በሸዋገነት አስተሳሰር ተቋጥሯል። አነሳሁት። ፈታ አድርጌ አየሁት... የሰብሌ ፀጉር ነው። ሳጥኑ ውስጥ ተወጥሮ የነበረው ዘለላ ሳይቀር፣ ለብቻው ተጠቅልሎ፣ ከላይ ተቀምጧል።

እዚያ ውስጥ ታዲያ ብዕሯን የሚስባት የማን ነው?

"ኃይለመስቀል።"

ድምፁ የእሱ ነው። በመስኮቱ አየሁት። ራሱ አልተቃናም። ትከሻው አልተነቃነቀም።

ቋጠሮውን ጉያዬ ከተትኩት። የመጋዘኑን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክቼ ተውኩት። ደረጃውን ወረድኩ።

"ኃይለመስቀል..."

አካሄዴን አልቀየርኩም። ፀሐዩ ፊቴ ላይ ነው። በደረቴ በኩል የቋጠሮው እርጥበት ሸሚዜን አልፎ ይቀዘቅዘኛል። ሦስተኛውን ጠበቅሁ።

ቆየ።

ግቢው በር ላይ ስደርስ መጣ። በዚያው በእሱ ድምፅ። በዚያ ከብት ባለኝ፣ ዕቃ ባለኝ ድምፅ።

"ጋሽዬ..."

ከብት እንኳ ሲጠሩት ዞር ይላል።

እኔ አልዞርኩም። የአስኮን መንገድ ይዤ ሄድኩ።